ለሌላ ሲም እምቢ ያለው ስልኬ፦ ከደሴ በሐይቅ ወደ አምባሰል

ደሴ፣ ጎህ ሲቀድ

ጉሙ መናኸሪያው ላይ ተኝቷል። ረዳቶቹ "ሐይቅ! ውጫሌ! ሐይቅ የሞላ!" ይላሉ፤ የሞላ ግን የለም። ከሚኒባሱ ሁለተኛ ረድፍ በመስኮት በኩል ተቀምጫለሁ። ጭኔ ላይ ዳቦና ስኳር የያዘ ፌስታል፣ ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ስልክ አለ።

አንዱ የቁልፍ ስልክ ነው፤ ይደውላል፣ ይጠራል፣ በቃ። ሁለተኛው ከዐረብ አገር ያመጣሁት ትልቁ ስልኬ ነው። ያየው ሁሉ "ማሻአላህ" ይለዋል፤ የሀገር ቤት ሲም ካርድ ሲገባበት ግን "የኔትወርክ መክፈቻ ኮድ ያስገቡ" ብሎ ይገተራል። እዚያ ከአንድ የስልክ ኩባንያ በየወሩ ከደሞዜ እየተቆረጠ የገዛሁት ነው። ከፍዬ ጨርሻለሁ። ከኩባንያው ሲም በስተቀር ሌላ እንዳይቀበል ተቆልፎ እንደተሸጠልኝ ያወቅሁት ግን አገሬ ከገባሁ በኋላ ነው።

እስከዛሬ ብዙ አልቸገረኝም። የምሠራበት ልብስ ቤት ዋይፋይ አለ፤ በእሱ እጠቀማለሁ። ዛሬ የምሄደው ግን ዋይፋይ ወደማያውቀው መንደራችን፣ ከውጫሌ በላይ ካለው እናቴ ቤት ነው።

ታናሽ እህቴ ሉባባ አሁንም እዚያው ዐረብ አገር በሰው ቤት ትሠራለች። የሟች አባታችን ወንድም፣ አጎቴ ይማም፣ እሷ በሌለችበት ለአንድ እህል ነጋዴ ሊድራት ሽማግሌ ተቀብሏል። የአጎቴ ልጅ በስልኩ ደወለላትና ከጓሮ ተመልሶ "እሺ ብላለች" አለ። ሉባባ ለእኔ የነገረችኝ ሌላ ነው።

"ጦይባ፣ ወላሂ እሺ አላልኩም! እምቢ ስለው ዘጋብኝ።"

ዛሬ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ በመንደራችን ሸህ፣ በሸህ እንድሪስ ፊት ተሰብስበው ቃል ያስራሉ። ሉባባ መደወል የምትችለው በአሠሪዎቿ ዋይፋይ፣ እመቤቷ ከሰዓት ጋደም ስትል ብቻ ነው። መንደሩ ውስጥ ኢንተርኔት ያላቸው ስልኮች የአጎቴ ልጆች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ አንዴ ደውለው ያመጡትን መልስ አይተናል። ስለዚህ የእህቴን አፍ ይዤ የምወጣው በራሴ ስልክ ነው ብዬ ቆረጥኩ።

ትናንት ደሴ ውስጥ አንድ ስልክ ጠጋኝ ኮድ እየገመተ ሞከረበት። ከጥቂት ሙከራ በኋላ ስልኩ ራሱ አስጠነቀቀ፤ ከዚህ በላይ ከተሳሳታችሁ ለዘለዓለም እዘጋለሁ አለ።

"አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫነው?" አለኝ ሰውየው። "ያለው ሁሉ ግን ይጠፋል።"

ያለው ሁሉ ማለት ከሉባባ ጋር የምንገናኝበት መተግበሪያም ነው። በዚያ አገር ቁጥሬ የተከፈተ ስለሆነ፣ አንዴ ከጠፋ ማረጋገጫው የሚላከው ወደሞተ ሲም ነው።

"አይሆንም" አልኩት።

"እንግዲያው ሌላ ስልክ ግዢ።"

"የገዛሁት አለኝ!"

ነጥቄው ወጣሁ። እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ።

መንገድ ላይ፣ ጎበያን ስናልፍ

ፀሐይ ወጣች። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የማሽላ አገዳ፣ የቆርቆሮ ቤቶች፣ ጀሪካን የጫኑ አህዮች፣ ነጫጭ ቆብ ያደረጉ አባቶች። ሾፌሩ ቀጭን፣ ጥርሱ ውስጥ ስንጥር የማይለየው ሰው ነው። ስልኩን ከፍቼ ሲም ሳወጣና ሳስገባ በመስታወቱ አየኝ።

"የዐረብ ነው አይደል?"

"አዎ።"

"የዐረብ ስልክ እንደ ሰው ነው እታለም። ካፊሉን ካላስፈቀደ የትም አይሄድም።"

ተሳፋሪው ሳቀ። ዐረብ አገር ያልኖረ እንኳ ካፊል ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ፓስፖርትሽን ይዞ የሚያሳድርሽ ሰው ነው። ከወሎ ቤት አንድ ልጅ ያልሄደበት የትኛው ነው?

"እኔ ከካፊሌ ወጥቻለሁ" አልኩት። "እሱም ይወጣል።"

"አብሽሪ! እንዲህ ነው የአምባሰል ልጅ" አለና ቴፑን ከፍ አደረገው። ክራር ነው። ከኋላ አንድ አዛውንት በጉልበታቸው ምት ይመታሉ።

ሐይቅ፣ ረፋድ

ሐይቅ ከተማ ወረድኩ። ባጃጆቹ መንገዱን ይዘውታል። ሐይቁ ከቤቶቹ ጀርባ ብልጭ ይላል፤ ወዲያ ማዶ የገዳሙ ዛፎች ይጠቁራሉ። ከመንገዱ ዳር "ዋይፋይ አለ" የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት አሳ ቤት አገኘሁና ገባሁ። ባለቤቷ እትዬ ዘውዴ ይባላሉ፤ ግንባራቸው ላይ መስቀል የተነቀሱ፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ዱቄት የነካው ሴት ናቸው። ጥብስ አሳ አዘዝኩ።

"የዋይፋዩን ቁልፍ ይስጡኝ እትዬ። ረጅም ጉዳይ አለብኝ።"

"ከማን ጋር?"

"ከዐረቦች ጋር።"

ዓይኔን አዩት። ሌላ ሳይጠይቁ ቁልፉን ነገሩኝ፤ ግድግዳው ጥግ ያለውን ጠረጴዛም በአሮጌ ጨርቅ ወለወሉልኝ።

ለኩባንያው የደንበኞች አገልግሎት በኢንተርኔት ደወልኩ። ሙዚቃ፣ ሙዚቃ፣ ሙዚቃ። ከዚያ አንድ ወጣት አነሳ። "እህቴ" ይለኛል በዐረብኛ፤ ድምፁ የጨዋ ነው። ስልኬ ተከፍሎ ማለቁን፣ መክፈቻ ኮድ እንደምፈልግ ነገርኩት።

"የመኖሪያ ፈቃድሽን ይዘሽ ቅርንጫፍ ቅረቢ።"

"አገሬ ገብቻለሁ።"

"እንግዲያው አይቻልም እህቴ። ይቅርታ።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዐረብኛዬን የተማርኩት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። "ሐዲር ማዳም፣ ናዓም ማዳም" እያልኩ ነው የኖርኩት። እሺ እመቤቴ፣ አዎ እመቤቴ። በዚያ ቋንቋ ለሰው "ላ"፣ አይ ብዬ አላውቅም፤ እምቢ ያለች ልጅ ምን እንደደረሰባት አይቻለሁ። አሁን ያ ወጣት "ይቅርታ" ብሎ ሊዘጋ ሲል አፌ ቀድሞኝ ተከፈተ።

"ላ!"

አሳ ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዞረ።

"ላ፣ ወንድሜ። አትዘጋም። ስትሸጡልኝ መኖሪያ ፈቃድ ነበረኝ፤ ስትቆርጡብኝም ነበረኝ። ከፍዬ ስጨርስ ኮዱ ይሰጥሻል ያለኝ የእናንተው ሻጭ ነው። ያገሬ መንግሥት ወይም ያገሬ ጅብ ስልኩን ወሰደው አላልኩህም፤ እጄ ላይ ነው። የእኔ ነው ወይስ የእናንተ? የእናንተ ከሆነ ገንዘቤን መልሱ። የእኔ ከሆነ ክፈቱት!"

የመዝጋት ድምፅ ስጠብቅ "ቆይ" አለ። እንደገና ሙዚቃ።

እትዬ ዘውዴ አሳውን አቀረቡ። አልነካሁትም።

"ምን አሉሽ?"

"ቆይ አሉኝ።"

"ቆይ ማለትም አንድ ነገር ነው" አሉና ከፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ደንበኛ ጠራቸው፤ አልተነሡም።

ሁለተኛ የመጣችው አለቃ ሴት ናት። ድምፅዋ እንደ እመቤቴ ዓይነት፣ ረጋ ያለና ቀዝቃዛ ነው። ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። ስሜን፣ የድሮ ቁጥሬን፣ የስልኩን መለያ ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ለምን ዛሬውኑ እንደቸኮልኩም ጠየቀችኝ። እንዳልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ነገርኳት። "እህቴን ሳይጠይቋት ሊድሯት ነው። እምቢ ማለቷን በዚህ ስልክ ነው የሚሰሙት።"

ቁልፍ ስትጫን ሰማሁ። ቀጥሎ "መልእክትሽን ተመልከቺ" አለች።

ኮዱ በዋይፋዩ፣ በደወልኩበት መተግበሪያ መጣ፤ በዐረብ ቁጥር። እትዬ ዘውዴ በትከሻዬ አዘንብለው "በዜሮ ይጀምራል" አሉ ክቡን በጣታቸው እያሳዩ።

"አይደለም እትዬ። የዐረብ ዜሮ ነጥብ ነው። ክቡ አምስት ነው።"

የዐረብ ቁጥር ያስተማረኝ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው፤ ተሳስቼ የእመቤቴን ሐር ያፈላሁ ቀን የቀመስኩት ቁጣ ክቡን ከነጥቡ ለይቶልኛል። ኮዱን አንድ በአንድ ጻፍኩ። ደግሜ አየሁት። "ቢስሚላህ" አልኩ፤ እትዬ ዘውዴ "በስመ አብ" አሉ፤ ነካሁት።

ስክሪኑ ጠፋ፣ በራ። ደሴ የገዛሁት አዲሱ ሲም የኔትወርኩን ዘንጎች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ተከለ።

እትዬ ዘውዴ እልልታቸውን አቀለጡት። መዝጋት ረስቼ ኖሮ ሴትዮዋ ከዚያ ማዶ "ምንድን ነው ጩኸቱ?" ትላለች። "ደስታ ነው" አልኳት። "መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለሽ" ብላ ዘጋች።

አሳው በርዷል። እንደዚያ የጣመኝ አሳ ግን አላስታውስም። ስወጣ እትዬ ዘውዴ በር ድረስ ሸኙኝ። "የግሸኗ እመቤት ትከተልሽ" አሉኝ። "አሜን" አልኩ፤ ወሎ ነን፣ ምርቃት አንመልስም።

ውጫሌ፣ ቀትር

ሌላ ሚኒባስ ይዤ ውጫሌ ደረስኩ። ገበያው ደርቷል፤ የሽንኩርት ክምር፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ ጫት የያዙ ሴቶች። መሀል መንገድ ላይ ቆሜ ለሉባባ ደወልኩ። ከዋይፋይ ውጪ በዚህ ስልክ ስደውል የመጀመሪያዬ ነው። መታጠቢያ ቤት ተደብቃ አነሳች።

"የት ነሽ? ጩኸቱ ምንድን ነው?"

"ውጫሌ ገበያ! ተከፈተልኝ!"

ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እመቤቲቱ ስትተኛ እጠብቅሻለሁ። ጦይባ… ሸህ እንድሪስ ፊት መናገር ግን እፈራለሁ።"

"ፍሪ። ፈርተሽ ተናገሪ።"

ከዚያ ወዲያ እግር ነው። ድንጋያማ አቀበት፣ ቁልቋል፣ ላብ። ፊት ለፊት የአምባሰል ገደል እንደ ግድግዳ ቆሟል።

መንደራችን፣ ከአስር ሶላት በኋላ

ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ ካለው ዋርካ ሥር ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። መሀላቸው ሸህ እንድሪስ አሉ፤ የመንደራችንን ኒካህ ሁሉ ያሰሩ አባት ናቸው። በስተቀኛቸው አጎቴ ይማም፣ በስተግራቸው የእህል ነጋዴው አባት ዱላቸውን ተመርኩዘው። እናቴ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ተቀምጣለች። ስለዚህ ጋብቻ ትወደውም ትጠላውም አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም፤ ከአባቴ ሞት ወዲህ በአጎቴ ፊት አትናገርም።

እጅ ነሥቼ ቆምኩ። "ሸህ፣ ሉባባ ራሷ ልታናግራችሁ ትፈልጋለች።"

"እሺ ብላለች እኮ!" አለ አጎቴ። "ተጠይቃለች።"

"የልጅቱን ፈቃድ ከልጅቱ መስማት ምን ይጎዳል?" አሉ ሸህ። "አምጪያት።"

ስልኩን አወጣሁ። ዘንጎቹ የሉም። እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ፣ ድንጋይ ላይ ወጣሁ፤ ምንም። የገዛሁት ሲም ኔትወርክ ከውጫሌ ሽቅብ አልወጣም። ለካ መንደራችን የሚደርሰው የሌላው ኩባንያ ኔትወርክ ብቻ ነው፤ የቁልፍ ስልኬም ሲም ከዚሁ ከማይደርሰው ነው።

አጎቴ ሳቀ። "የከተማ ነገር አቀበት አይችልም። በሉ ዱዓ እናድርግ።"

ያን ጊዜ እናቴ ከሴቶቹ መሀል ተነሣች። ከመቀነቷ የቁልፍ ስልኳን ፈታች፣ ጀርባውን በጥፍሯ ፈለቀቀች፣ ሲሙን አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠች።

"የእኔ እዚህ ይሠራል" አለች። "ልጄ ደውዪልኝ ያለች ቀን ብዬ ሒሳብ ሞልቼበታለሁ።"

የሲሙን ዙሪያ ሰብሬ አሳንሼ ከተትኩት። ትናንት ቢሆን ስልኩ "ኮድ" ብሎ ይገተር ነበር። ዛሬ የማንንም ይቀበላል። ዘንጎቹ ቆሙ። ኢንተርኔት ገዝቼ ደወልኩ።

ሉባባ ወጥ ቤት ውስጥ ናት። ሰማያዊ የሥራ ልብሷን ለብሳለች፤ ድምፅዋ እንዳይሰማ ቧንቧ ከፍታለች። ስልኩን ወደ ሸህ አዞርኩት።

"አሰላሙ ዐለይኩም ሸህ። ሉባባ ነኝ።" ምራቋን ዋጠች። "እሺ ብላለች ብለዋችሁ ከሆነ፣ አላልኩም። ሰውየውን ጠልቼው አይደለም፤ አላውቀውም። ባል የፈለግኩ ቀን አፍ አለኝ፣ እናገራለሁ።"

"ይቆራረጣል!" አለ አጎቴ። "ኔትወርኩ ነው፤ ምኑም አልተሰማ።"

"ለእኔ ተሰምቶኛል" አሉ ሸህ። "አንተ ካልሰማህ ትድገምልህ።"

ሉባባ ወደኋላዋ ዞር ብላ በሩን አየች። ከዚያ እመቤቲቱ ትንቃ አትንቃ ግድ ሳይሰጣት ጮኸች።

"አልፈልግም! አጎቴ፣ አልፈልግም!"

ከሴቶቹ በኩል "እሰይ" የሚል ድምፅ መጣ፤ የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። የነጋዴው አባት ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"እኛ ልጅ ጠየቅን እንጂ ምርኮ አልጠየቅንም" አሉ። "ይማም፣ እንዲህ መሆኑን ብትነግረን ይህን አቀበት አንወጣም ነበር።"

ሸህ እንድሪስ እጃቸውን ዘርግተው ለሁላችንም ዱዓ አደረጉ፤ ለሉባባ "አላህ በሰላም ያግባሽ" አሉ። ሽማግሌው ተበተነ። አጎቴ በአጠገቤ ሲያልፍ ቆመ፤ ዓይኑ ቀልቷል።

"ያን ዕቃ ባይከፍቱልሽ ኖሮ ይህ ሁሉ ውርደት ባልመጣ።"

"አልከፈቱልኝም" አልኩት። "አስከፈትኳቸው።"

ሄደ። መታረቁ ጊዜ ይወስድ ይሆናል፤ ይውሰድ።

ሉባባ አሁንም መስመር ላይ ናት። ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት። እናቴ በሕይወቷ በምስል ተነጋግራ አታውቅም፤ እንደለመደችው ወስዳ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። "እማ፣ ፊትሽን አሳዪኝ!" ትላለች ሉባባ እየሳቀችም እያለቀሰችም፤ የሚታያት የእናቴ ጆሮና ከሻሿ ያፈተለከ ሽበት ብቻ ነው። ላስተካክላት እጄን ዘረጋሁ፤ እናቴ ትከሻዋን አዙራ ከለከለችኝ።

"ልጄ" አለች፤ አጎቴ ገና ከቁልቁለቱ ሳይሰወር፣ እንዲሰማ አድርጋ። "ደግ አደረግሽ።"