ገጽ መቶ አርባ ላይ የቆመችው ሮማን

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ደራሲ ገና ያልታተመ መጽሐፉን በፌስታል ይዞልኝ መጣ። "ከምረቃው በፊት ለጀርባው ሽፋን ሁለት መስመር ቢጽፉልኝ" አለኝ። እሺ ብዬ ተቀበልኩት። ከሄደ በኋላ ግን ጅቡቲ ትዝ አለችኝና ብቻዬን አፈርኩ።

ያኔ ወደቡ አጠገብ በአንድ የትራንዚት ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ። በትርፍ ጊዜዬ ልቦለድ ጻፍኩ። ሮማን የምትባል ልጅ ከድሬዳዋ በባቡር ጅቡቲ ትመጣና መርከብ ልሳፈር ወይስ ልመለስ እያለች ትጨነቃለች። የታወቀ ሰው አስቀድሞ ካመሰገነው ይሸጣል አሉኝ። እኔም ሦስት ቅጂ ላስባዛ ካርቲዬ ሁለት ሰፈር ወዳለ ፎቶኮፒ ቤት ሄድኩ። ኸምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አሸዋውን ጥርሳችን ውስጥ ይከተው ነበር። ሰውዬው ገና ሳይጨርስ ሰባት ሰዓት ሆነና የዕለቱ ጫት ከተማ ገባ። ጅቡቲ ጫት ከገባ ምን ሥራ አለ! "ነገ ና" ብሎ አስወጣኝ። በማግስቱ ተጠርዞ ጠበቀኝ፤ ከደስታዬ ብዛት ገልጬ እንኳ ሳላይ አደልኩት።

አንዱን ለሐጂ ዑመር ሰጠሁ፤ ቃላቸው የሚከበር የድሬዳዋ ነጋዴ ናቸው። ሁለተኛውን ለመምህሩ ለጋሽ ተፈራ። ሦስተኛውን ለሰዓዳ፤ ሀራሙስ ሰፈር ፈረንጅ ቤት ተቀጥራ የምትኖር የወሎ ልጅ ናት፣ መጽሐፍ ካገኘች እህል ውሃ አያሰኛትም።

ሐጂ በሳምንቱ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "ልጄ፣ መጨረሻው አንጀቴን በላው" አሉኝ። ጋሽ ተፈራ ደግሞ "አጨራረሱ! አጨራረሱ!" እያሉ ጨበጡኝ። ያን ቀን መሬት አልረገጥኩም።

ዓርብ የሰዓዳ እረፍት ስለነበር የመን ዓሣ ቤት ተገናኘን። ዓሣውን ሳትነካ "ወንድሜ፣ ቀሪው የታለ?" አለችኝ።

"የምን ቀሪ? አልቋል እኮ።"

"ልጅቷን ሻንጣ አስይዘህ ትተሃት?" ብላ ገጽ መቶ አርባን ገለጠችልኝ። "ሮማን ሻንጣዋን አነሳችና ወደ" ይላል። ከዚያ በኋላ ባዶ።

ሮጬ ፎቶኮፒ ቤቱ ሄድኩ። የመጨረሻው ምዕራፍ ማሽኑ ሥር አቧራ ለብሶ ተቀምጧል፤ ከሦስቱም ቅጂ ቀርቷል። ጉድ ነው! ታዲያ የሐጂን አንጀት የበላው ምንድን ነው? ሳያነቡት ነው? ወይስ እዚያ ላይ መቆሙን ወደውት? ሄጄ ልጠይቅ እልና ይሉኝታ ይይዘኛል። የሽፋኑ ጽሑፍ ደግሞ በማግስቱ በባቡር ወደ ማተሚያ ቤቱ መላክ ነበረበት። ግራ እንደተጋባሁ የሁለቱን ምስጋና ላክሁ። የሰዓዳን አስተያየት ተውኩት። የቤት ሠራተኛ ስም ሽፋን ላይ ምን ይሠራል ብዬ ነበር፤ አፈር ልብላ!

በምረቃው ቀን ሰዓዳ ከአሠሪዋ አስፈቅዳ መጣች። መጽሐፉን ገልብጣ የሐጂንና የጋሽ ተፈራን ምስጋና ቀስ ብላ አነበበች።

"ለካ ያላለቀው የደረሰው ለእኔ ብቻ ነው" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። "ያንቺ ብቻ ነው።"

ሐጂም ጋሽ ተፈራም ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ያን መጨረሻ ከየት እንዳመጡት ሳልጠይቃቸው አለፉ። ሰዓዳ የት እንዳለች አላውቅም።

የወጣቱን መጽሐፍ እስካሁን እኩሌታውን ነው ያነበብኩት። ትናንት ደወለልኝ፤ "እንዴት አገኙት?"

"ግሩም ነው፣ በተለይ መጨረሻው" ልል አፌን ከፍቼ ነበር።