የበሩ አጠገብ ጠረጴዛ

«ሠራተኛ አለችኝ» አለቻ! ሰናይት ናት እንግዲህ፣ አፏን ሞልታ፣ ያውም ሀኒፋ በጓዳዋ መስኮት እየሰማቻት።

እዚህ ዓረብ አገር፣ አል አንሳብ ሰፈር፣ ጎማ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ምግብ ቤት የከፈቷት ሁለቱ ናቸው። የንግድ ፈቃዱ በአንድ የአገሬው ሰውዬ ስም ነው እንጂ ሌላው ሁሉ እኩል በእኩል ነው። ሰናይት ከሆቴል ሥራ የመጣች፣ እንግሊዝኛዋ የሚንቆረቆር፣ ከፊት ቆማ ታስተናግዳለች። ሀኒፋ የከሚሴዋ ደግሞ ቁሩም ሰፈር አንዲት ማዳም ቤት አሥራ አንድ ዓመት በቤት ሠራተኝነት ኖራ የወጣች ናት። እጇን ብትቀምሺው! ዓርብ ዓርብ ሾፌሩም፣ የውበት ሳሎን ልጆቹም፣ እረፍት የወጡት የቤት ሠራተኞችም የሚሻሙት ያንን በአዋዜ ያሸችውን ዓሣ ነው። አንዷ እንግዳ ጣቷን እየላሰች «ማነው የሚሠራው?» ብትል ነው ሰናይት እንዲያ ያለችው።

ከደንበኞቹ አንዱ፣ ሾፌሩ ነቢል፣ ይህን ሰምቶ ደሙ ፈላ። ዘው ብሎ ጓዳ ገባ።

«አንቺ ሀኒፋ፣ ሠራተኛ ተባልሽ እኮ! ወጥተሽ ግማሹ የኔ ነው አትያትም?»

«ዞር በል ከዚህ፣ ዓሣው ያርርብኛል።»

«ወላሂ ሌላ ሴት ብትሆን ዛሬ ታንቃት ነበር!»

«ያላ፣ ውጣ! ሽታው ልብስህ ላይ ይቀርና ሚስትህ ከማን ጋር ዋልክ ትልሃለች።»

ሳቀች። ነቢል ሲወጣ ግን ሳቋም አብሮት ወጣ። ለምን ዝም እንደምትል እሷ ታውቃለች፤ ሰናይትም ታውቃለች።

ቤቱ ሊከፈት ሲል ሀኒፋ የፈለገችው አንድ ነገር ነበር። «እኔም ከፊት ልሁን። መጀመሪያ ቀን ተቀምጬ ልብላ፣ እንግዳ ሲገባ አህለን የምለው እኔ ልሁን።» አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የማዳም ማድቤት ውስጥ ቆማ ነው የበላችው፣ በተጠራች ቁጥር ጉርሻዋን ጥላ እየሮጠች። ሰናይትም፣ «ከሆነልሽማ ጓዳውን በየተራ እንገባለን፣ እቴ ሀኒፋ» አለቻት።

ቀኑ ደረሰ። ሂና ተቀብታ፣ አዲስ አባያ ለብሳ፣ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ጉብ አለች። ሳህኑን ያቀረበችላት ሰናይት ራሷ ናት። የመጀመሪያው ጉርሻ ገና አፏ ውስጥ እንዳለ አንዲት የአገሬው ሴትዮ ገብታ ተቀመጠችና፣ ማንንም ሳታይ፣ «ማይ!» አለች። ውሃ ማለቷ ነው።

ሀኒፋ ሳትውጥ ብድግ አለች። ውሃውን ማምጣቷስ ይሁን፣ ምግብ ቤት አይደል? ቀድታላት ግን አልተመለሰችም። ከሴትዮዋ ወንበር ጀርባ እጇን ሆዷ ላይ አጣምራ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ቀጥ! ሰናይት እያየች፣ ቤት ሙሉ ሰው እያየ። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ዞር ብላ «ኻላስ፣ በቃ» እስክትላት ድረስ አልተነቃነቀችም።

«ሀዲር፣ ማዳም» አለች፣ እሺ እመቤቴ እንደማለት፣ ከጠረጴዛው ላይ የራሷን ሳህን አንስታ ጓዳ ገባች፤ እንደገባችም ቀረች። ዓሣዋን የጨረሰችው እቃ መታጠቢያው አጠገብ ቆማ ነው።