የሸሚዝ ካርቶን ግጥሞች

አርዜላ ዊትሎው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ሸሚዝ ተኩሳለች። በጌሪ ከተማ፣ ከብረት ፋብሪካው በስተደቡብ ባለው በእኛ ሰፈር፣ ነጭ ሸሚዝ ነጭ ሆኖ የሚቆየው ከላውንድሪው በር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የፋብሪካው ቀይ አቧራ ኮሌታው ላይ ይሰፍራል። አርዜላ በዚህ አትበሳጭም። "አቧራው ባይኖር እኔ ምን እበላ ነበር?" ትላለች።

ከሚሲሲፒ በባቡር የመጣችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ለመንገድ የተጠበሰ ዶሮ በጫማ ካርቶን አድርገው ሰጥተዋት ነበር። ካርቶኑን አልጣለችውም፤ የእርሳስ ቁራጮቿን እስከ ዛሬ የምታስቀምጠው እዚያ ውስጥ ነው። እርሳሱ በጣቶቿ አልያዝ እስኪል ድረስ ትጽፍበታለች እንጂ አትጥልም።

የምትጽፈው ግጥም ነው። አንዱ ዓይነት ለቤተ ክርስቲያን ነበር። ሰው ሲሞት በቀብሩ ፕሮግራም የኋላ ገጽ ላይ የሚታተመውን የምትጽፈው እሷ ናት፤

ደክሞህ ነበርና አምላክህ ጠራህ፣
የሰማይን ደጃፍ ከፍቶ አስገባህ።

እንዲህ ያለውን። ሴትም ትሁን ወንድ፣ ዲያቆንም ይሁን ዘበኛ፣ ሁሉም በዚያው ደጅ ይገባል። በእኛ ዘንድ የሟች ታሪክና ግጥሙ ጮክ ተብሎ አይነበብም። ፕሮግራሙ ላይ "በልብ ይነበባል" ተብሎ ይጻፋል፤ ኦርጋኑ በቀስታ ይመታል፣ ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ያነባል፣ ከዚያ ሁለት መቶ ወረቀት በአንድ ጊዜ ሲገለበጥ ትሰማላችሁ። ለአርዜላ ይኼ ተስማሚ ነበር። ማስታወቂያ እንድታነብ በተጠየቀች ቁጥር ወጥ ልታማስል ወደ ማድ ቤት የምትሮጥ ሴት ናት።

ሌላውን ዓይነት ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ፕሮግራም በታይፕ የምመታው እኔ ነኝ። አንድ ሐሙስ ግጥም ልቀበል ቤቷ ሄጄ ጓንቴ ወደቀና ላነሳ ጎንበስ ስል፣ ከአልጋዋ ሥር የካርቶን ክምር አየሁ። ሸሚዝ ሲታጠፍ ቅርጹን እንዲይዝ ከውስጥ የሚገባው ስስ ካርቶን ነው። የላውንድሪው ባለቤት የተጨማደደውን ሲጥለው እሷ ወደ ቤት ትወስደዋለች። ሁሉም በእርሳስ ተጽፎበታል፤ አጫጭር መስመር፣ ቤት የማይመታ። አንዱ ስለ ባቡሩ፣ አንዱ በደንበኛ ሸሚዝ ላይ ስላደረ ሽቶ፣ አንዱ የእህቷን ፀጉር በፍም በጋለ ማበጠሪያ ስታለሰልስ ጆሮዋን ስላቃጠለችበት ቀን።

"ቤት ካልመታ መስመሩ የት ላይ እንደሚያልቅ በምን ታውቂያለሽ?" አልኳት።

አፈረች። ከዚያ ቀኝ እግሯን ወለሉ ላይ ጫን አደረገች። "የላውንድሪውን መተኮሻ ማሽን በፔዳሉ ስጫነው ይወርዳል፣ እንፋሎቱ ይወጣል፣ እግሬን ሳነሳ ይከፈታል። አንድ መስመር ያን ያህል ነው። ከዚያ ካስረዘምኩት ሸሚዙም ቃሉም ይቃጠላል።" ወዲያው ደግሞ፣ "ቨርሊን፣ ለማንም እንዳትነግሪ፤ አብዳለች ይሉኛል" አለች።

አልተናገርኩም። እ.ኤ.አ. በ1971 የካቲት ወር ግን ክሊዮቲስ ጌንስ ሞተ።

ክሊዮቲስ የእናት ዚፖራ አንድያ ልጅ ነበር። እናት ዚፖራ ከፊት ወንበር የሚቀመጡ፣ ነጭ ለብሰው ነጭ ባርኔጣ የሚያደርጉ፣ ፓስተሩ እንኳ ሲሰብኩ ተስማምተው እንደሆነ ፊታቸውን የሚያዩላቸው የቤተ ክርስቲያናችን እናት ናቸው። ልጃቸው ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ በመጠጥ ምክንያት ተባረረ፤ በአርባ አንድ ዓመቱ ልቡ ቆመ። በማግስቱ አርዜላ ቤት መጡ። እኔም የፕሮግራሙን ዝርዝር ልይዝ እዚያው ነበርኩ። ካፖርታቸውን እንኳ አላወለቁም።

"አርዜላ፣ ልጄ፣ ለክሊዮቲስ የሰማይ ደጅ እንዳትጽፊ።"

"ታዲያ ምን ልጻፍ፣ እናቴ?"

"እሱን። ይሰክር እንደነበር ሰዉ ሁሉ ያውቃል። መልአክ ነበር ብለሽ ብትጽፊ በእጅ ማራገቢያቸው ፊታቸውን ሸፍነው ይስቃሉ። እኔ የምቀብረው ልጄን ነው። የማላውቀውን ሰው አታስቀብሪኝ።"

አርዜላ ሁለት ቀን ጨነቃት። በሦስተኛው ቀን በረዶ ጥሎ አደረ፤ እሷም ካርቶኑን በጨርቅ ጠቅልላ የቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ አመጣችልኝ። ዲያቆን ፔቲግሩ እዚያው ነበሩ። እሳቸው ሳያዩት አንድም ወረቀት አይታተምም፤ ኮማ ሳይቀር ያርማሉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ካርቶኑን ወደ መስኮቱ ወሰዱት።

"ይኼ ምንድን ነው? የገበያ ዝርዝር ነው?"

"ግጥም ነው፣ ዲያቆን።"

"ቤቱስ?"

"ቤት አይመታም።"

"እሱንማ አየሁ! እህት አርዜላ፣ ለባለቤቴ ቀብር የጻፍሽውን ሰባት ዓመት ሙሉ በቃሌ ይዤዋለሁ። ለምን? ቤት ስለሚመታ። ይኼን ማን ያስታውሰዋል? ሰው ከመቃብር ሳይመለስ ይረሳዋል። ደግሞስ ስካሩን እናቱ ፊት እናንብብ?"

"እናቱ ናቸው ያዘዙኝ።"

"ሐዘን ላይ ያለ ሰው የሚለውን አያውቅም" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለእናት ዚፖራ ተቆርቁረው ነው። "እህት ቨርሊን፣ የሰማይ ደጁን አድርጊው።"

"እሺ" አልኩ። እሳቸው ሲሄዱ አርዜላ ካርቶኗን መልሳ ልትጠቀልል ስትል ይዤ አስቀረሁባት። ካርቶኑን ታይፑ አጠገብ አቁሜ፣ አንድ መስመር ሳልዘል መታሁት፤ ሁለት መቶ ቅጂ አወጣሁ። ሰው ሳይደርስብኝ ልጨርስ ስቸኩል ሁለት ቦታ ፊደል ደርቤያለሁ።

የቀብሩ ዕለት እንደገና በረዶ ጣለ። መዘምራኑ ጨረሱ፣ ኦርጋኑ በቀስታ ጀመረ፣ ሰዉ አንገቱን ደፋ፣ ወረቀቱ ተገለበጠ። ዲያቆን ፔቲግሩ የኋላ ገጹን አይተው ቀና አሉና እኔን ፈለጉኝ። እኔ የጓንቴን ቁልፍ እያየሁ ነበር። ከእሱ ቀና ስል ነው እናት ዚፖራን ያየሁት።

ፕሮግራሙን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ ዓይናቸው ግን መስኮቱ ላይ ነው። ያኔ ደነገጥኩ። እናት ዚፖራ ማንበብ አይችሉም። ባደጉበት አገር ለእኛ ለጥቁሮች ልጆች ትምህርት ቤት የሚከፈተው ጥጥ ተለቅሞ ሲያልቅ ነበር፤ የእሳቸው ቤት ጥጥ ደግሞ አልቆ አያውቅም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም ግን አንሥቶት አያውቅም፤ የመዝሙር መጽሐፉን ገልጠን እጃቸው ላይ እናኖርላቸዋለን፣ እሳቸውም በቃላቸው ይዘምራሉ። ስለዚያ ግጥም ያን ያህል ስንጨነቅ አርዜላም እኔም ይህን ረሳነው። ሰዉ ሁሉ ልጃቸውን እያነበበ ነው፤ እሳቸው ብቻ ሊቀሩ ነው። ከዚህ በኋላ የሬሳ ሳጥኑ ይዘጋል።

እናት ዚፖራ ሳይዞሩ፣ ከኦርጋኑ ድምፅ በላይ ተናገሩ።

"አርዜላ። ጻፍሽልኝ?"

"ጽፌያለሁ፣ እናቴ።"

"እንግዲያው አሰሚኝ።"

ኦርጋን መቺው እጁን አነሳ። አርዜላ ወደ መድረኩ አልወጣችም። እዚያው ወንበሯ ጋ ቆመች፤ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አቀረበች።

"ክሊዮቲስ ይጠጣ ነበር" አለችና አቆመች።

ከፊት ወንበር እናት ዚፖራ ራሳቸው፣ "አዎ" አሉ።

"ይኼን የማያውቅ የለም" ስትል አነበበች።

"እውነት ነው" አለ አንዱ ከኋላ።

አንዳንድ ማለዳ እናቱ በሩን ሲከፍቱ
በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያገኙታል፣
ኮፍያው ጉልበቱ ላይ፣
መግባት አፍሮ።

"ንገሪን፣ እህቴ!"

በረዶ የጣለ ለት ግን
ከሁላችን ቀድሞ ይነሳል።
የመበለቶቹን ደረጃ
አንድ በአንድ ይጠርጋል፣
በር አያንኳኳም፣
ምስጋና አይጠብቅም።

እዚህ ላይ እህት ሎቬኒያ ብድግ አለች። "እሱ ነበር እንዴ? ጌታዬ! እኔ እኮ ጎረቤቴ መስሎኝ ስንት ኬክ ጋገርኩለት!"

"ጣፋጭ ነበር!" አለ ጎረቤቷ፣ ቤተ ክርስቲያኑም በእንባው መሃል ሳቀ። አርዜላ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀች። ድምፅዋ አሁን ከፍ ብሏል። ቤት ያልመታላትን ሰዉ እየመታላት ነበር፤ በየመስመሩ ጫፍ ባቆመች ቁጥር አንድ ሰው ይቀበላታል።

ስንወጣ የምናየው
የጫማውን ዱካ ብቻ ነው፣
ወደሚቀጥለው ቤት የሄደውን።
ይኸው በረዶ ጣለ።
ደረጃዬን አየሁት።
ማንም አልነካውም።

ተቀመጠች። ማንም "አዎ" አላለም። ሳጥኑ ተዘጋ።

ከመቃብር ስንመለስ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ምግቡ ቀርቦ ነበር፤ ዶሮ፣ ጎመን፣ የበቆሎ ዳቦ። ዲያቆን ፔቲግሩ ሳህናቸውን ይዘው መጥተው ከእናት ዚፖራ ጎን ተቀመጡ። አርዜላና እኔ ከፊት ለፊት ነን። እኔን ገና አልተቆጡኝም።

"እናቴ፣ ስለ ግጥሙ ይቅርታ ያድርጉልን" አሉ ዝቅ ብለው። "ለክሊዮቲስ ሰው የሚያስታውሰው፣ ቤት የሚመታ ይገባው ነበር።"

እናት ዚፖራ ሹካቸውን አስቀመጡ። አፋቸውን በናፕኪን ጠረጉ። ከዚያ ግጥሙን ከመጀመሪያው ጀምረው በቃላቸው አሉት፤ ይጠጣ ነበር ከሚለው እስከ ኮፍያው፣ ከኮፍያው እስከ ዱካው፣ አንድ ቃል ሳያጎድሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰሙት። የሚያቆሙትም አርዜላ ባቆመችበት ነው። ዝቅ ብዬ ሳይ የአርዜላ ቀኝ እግር ከጠረጴዛው ሥር ወለሉን ጫን ያደርጋል፣ ይለቃል፣ ጫን ያደርጋል፣ ይለቃል። እናት ዚፖራ እግሯን አያዩትም፤ ግን አንድም መስመር አልሳቱም።

"ማንም አልነካውም" ብለው ጨረሱና ዶሮአቸውን አነሱ።

ዲያቆን ፔቲግሩ ሳህናቸውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ። ጎመናቸው ቀዝቅዟል።

"እስቲ ይድገሙልኝ፣ እናቴ" አሉ።

"ክሊዮቲስ ይጠጣ ነበር" አሉ እናት ዚፖራ፣ እዚያ ላይ አቁመውም ጠበቋቸው።

"አዎ" አሉ ዲያቆኑ።