ላምብሮ ቅሬ የገባ ጊዜ

ባለፈው እሑድ በቅሬያችን ስብሰባ ላይ አንድ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ልጅ "መዝግቡኝ" ብሎ ቀረበ። እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ከኛ ዝቅ ብሎ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ከባለቤቱ ጋር የሚኖር፣ ጠዋት በሚኒባስ ወርዶ ማታ የሚመለስ ትሑት ልጅ ነው። ጸሐፊያችን ጎበዝ ነው፣ ግን ምላሱ ትቀድመዋለች፤ "ተከራይ እኮ ነው፣ ነገ ዕቃውን ጭኖ ውልቅ ይላል" አለ። ግማሹ ሰው ራሱን ነቅንቆ ደገፈው። እኔን ደግሞ ሳቅ አፈነኝ። ካረጀሁ ወዲህ በሰው መሃል ብቻዬን ስስቅ ማየት ለምደዋል፤ "ጋሽ እንድሪስ ጀመራቸው" ብለው ያልፉኛል። ያሳቀኝ ግን ይህንኑ ነገር አባቴ ስለ አንድ ግሪክ ሙዚቀኛ ሲሉት ስለ ሰማሁ ነው። ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ፣ ከበሮ እመታ ነበር፣ ጥርሴም ሙሉ ነበር።

ለማያውቅ ሰው፣ ቅሬ ማለት ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። የኛ የወሎው የሚለየው እስላሙንም ክርስቲያኑንም ባንድ መያዙ ነው። ሰው ሲሞት መስጊድ ይሂድ ቤተ ክርስቲያን ማንም አይጠይቅም፤ ሁሉም ይቆፍራል፣ ሁሉም ይሸከማል፣ ሁሉም ለቅሶ ቤት ይቀመጣል። ቅሬ የሌለው ሰው በቁሙ የጎደለ ሰው ነው።

ግሪኩ ስሙ ላምብሮ ነበር። ሆቴሎቹ በፈረንጅ ማክበሪያ "ሙሴ ላምብሮ" ይሉታል፣ ለሰፈሩ ግን ላምብሮ ብቻ ነው። ከአገሩ የወጣው በልጅነቱ፣ ኮምቦልቻ ላይ ሱቅ ከነበራቸው አጎቱ ጋር ሊሠራ ነው። አጎትየው ባንኮኒ ጀርባ እንዲቆምላቸው ነበር ያመጡት፤ እሱ ግን በሻንጣው ክላርኔት ይዞ መጣ፣ ሱቁም ከዚያ ወዲያ ሱቅ አልሆነም። የአሰብ መንገድ ሾፌሮች ሲጋራ ሊገዙ ገብተው ሲስቁ ያመሻሉ። የከባድ መኪና ጡሩምባ በክላርኔት ያስመስላል፤ ዳገት ላይ የሚያቃስት ሞተር ያስመስላል፤ የሞላ ብርጭቆ ግንባሩ ላይ አቁሞ ጠብ ሳያደርግ ይጨፍራል። ወዲያው ሆቴሎቹ ተሻሙበት፣ ቀጥሎ ደሴ ፒያሳ ወጣ፣ ከዚያ ያለ እሱ ሠርግ ሠርግ የማይባል ሆነ።

እኔ ግን የምወደው ለዚህ አልነበረም። አንድ ቀን ገበያ ዳር አንድ ሽማግሌ በማሲንቆ የባቲን ቅኝት ሲጫወቱ ሰማና የያዘውን ብርቱካን ጥሎ ቆመ። እናቱ ተራራ ላይ ባለው መንደራቸው የምታንጎራጉረው እንደዚሁ ያለ ዜማ እንደ ነበር ነገረኝ፤ እንዴት ከዚያ ድረስ መጣ ብሎ ሊያብድ ደረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽማግሌውን ቤታቸው ድረስ እየተከተለ ባቲንም አምባሰልንም ተማረ። ዓይኑን ጨፍኖ ለሚሰማው የየጁ ሰው እንጂ የግሪክ ሰው አይመስልም ነበር።

በባንዱ ከበሮ የምመታው እኔ ነበርኩ፤ ከኮምቦልቻ ሠርግ ስንመለስ፣ ታች ሙቀቱ ሲለቀን ላይ የደሴ ጭጋግ ሲቀበለን፣ ብዙ ጊዜ የሆዱን ያጫውተኛል። አንድ ጊዜ የአጎቱን ቀብር አነሳልኝ። አጎቱ ሲሞቱ ሌሎቹ ግሪኮች ወይ ወደ አዲስ አበባ ሄደዋል ወይ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። "ሰው አልነበረም፣ እንድሪስ" አለኝ። "ሣጥኑን ለመሸከም ከመንገድ ሰው ለመንን። እንደዚያ መቀበር አልፈልግም። አባትህን ለምንልኝ፣ ቅሬ ያስገቡኝ።"

አባቴ የቅሬው ዳኛ ነበሩ። እኔ በላምብሮ ባንድ ከበሮ መምታቴ ደግሞ ጉሮሯቸው ላይ ተቀርቅሮ የኖረ ነገር ነው። ድቤ ካማረህ መንዙማ አለልህ፣ መጠጥ ቤት ምን ወሰደህ ይሉኝ ነበር። እንዲህ ባሉ አባት ፊት ለላምብሮ አማላጅ ሆኖ መቅረብ ምን እንደሚመስል አስቡት። ምሳ እስኪበሉ፣ እጃቸውን እስኪታጠቡ፣ ሶላታቸውን እስኪጨርሱ ጠብቄ ነገርኳቸው። ፈረንጅ ኤምባሲ አለው፣ ቅሬ ምን ያደርግለታል አሉ። ቀብርና ሠርግ ባንድ ቀን ቢውሉበት የቱን ይመርጣል አሉ። በመጨረሻም፣ "ይሄ ነገ ዕቃውን ጭኖ የሚሄድ ሰው ነው" ብለው ደመደሙት።

እኔም እልኸኛ ነኝ፣ ለቀናት ወጥሬ ያዝኳቸው። በዚያው ሰሞን አያ ተገኘ፣ የቅሬው ጡሩምባ ነፊ፣ ደረታቸውን ታመው ተኙ። የጡሩምባ ነፊ ሥራ ይታወቃል፤ ሰው ሲሞት ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ በየማዕዘኑ ይነፋል፣ ሰዉ በሩን ከፍቶ "ማን ነው?" ሲል ይነግራል። አባቴ ለኔም ለቅሬውም የሚሆን መላ መቱ። ትንፋሽ እንደሆነ አለው፣ አያ ተገኘ እስኪሻላቸው እሱ ይንፋና እንየው አሉ። ላምብሮ ይህን ስነግረው አቅፎ ከመሬት አነሳኝ። ጡሩምባውን ተቀብሎ በጨርቅ ሲወለውል አመሸ።

ጥር ላይ፣ እሑድ ሌሊቱ ሲነጋጋ፣ እትዬ ዘሐራ አረፉ። እትዬ ዘሐራ ማለት ከላምብሮ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤት ናቸው። በረመዳን ለሱ አንድ ሳህን ሾርባ ሳይልኩ አፍጥረው አያውቁም፤ "የሰው አገር ልጅ፣ ማን አለው" ይሉ ነበር። አናጢው ልጃቸው ሰይድ መጥቶ የላምብሮን በር አንኳኳ። ላምብሮ እያለቀሰ ጡሩምባውን ይዞ ወጣ።

አያ ተገኘ ሲነፉ አንድ ድምፅ ነው፣ ደረቅ፣ ረጅም፣ ጆሮ የሚያሳክክ። ላምብሮ ለእትዬ ዘሐራ እንዲህ ያለ ጩኸት ይነፋ? በፍጹም። በዚያ በቆርቆሮ ጡሩምባ፣ አላህ ያሳያችሁ፣ የእናቱን አገር የለቅሶ ዜማ አወጣበት። ያንቀጠቅጠዋል፣ ይጎትተዋል፣ ከላይ ወደ ታች ያንከባልለዋል። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁት፣ ልቤን ነካኝ፣ ያለ ባንዱ ብቻውን ተጠርቶ ከሠርግ የገባ መስሎኝ ተገላብጬ ተኛሁ። አባቴም በወዲያኛው ክፍል፣ "ይሄ ሰውዬ ዛሬ ደግሞ ጠጥቷል" ሲሉ ይሰማኛል። ሰፈሩ በሙሉ እንደኛው ነው ያሰበው። የሠርግ ወር ነው፣ ላምብሮ ሲነጋ እየተጫወተ ሲገባ ደግሞ ሁሉም ለምዶታል። አንድም በር ስላልተከፈተ የሚነግረው ሰው አላገኘም፤ እሱ ግን ሐዘኑ ከብዷቸው ቤታቸው ሆነው የሚያለቅሱ መሰለው።

ሲነጋ ግማሹ ሰፈር ለሠርግ ኩታበር ሄደ፣ ግማሹ ወደየጉዳዩ ተበተነ። ሬሳው ታጥቦ ተከፍኖ ሲወጣ ደጁ ላይ የቅርብ ዘመድና ጥቂት ሴቶች ብቻ ነበሩ። ሰይድ ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ፣ "ሰዉ የታለ?" አለ። ዋይታውን ሰምተው ከኔ ጋር የደረሱት አባቴ የጡሩምባው ነገር የዚያን ጊዜ ገባቸው። ወዲያው በየቤቱ ሰው ሰደዱ፤ የተገኘው ተገኘ፣ ግን ቃሬዛውን የሚቀባበል እንኳ የሚበቃ አልነበረም። አስቀድሞ የሚሄደው ቆፋሪ አልሄደም። ላምብሮ ፊቱ አመድ መሰለ። የሚፈራውን ነገር፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳውን፣ ሾርባ ሲልኩለት በኖሩ ሴት ላይ በገዛ እጁ አደረሰው።

ዶማ አንስቶ ወደ ቀብሩ ቦታ ሮጠ፤ እኔም ተከተልኩት። የጥር መሬት ደግሞ ድንጋይ ነው። ላምብሮ በሕይወቱ ከክላርኔት የከበደ ነገር ይዞ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ እጁ ወዲያው ተላጠ፣ የዶማው እጀታ በደም ራሰ። ልተካህ ብለውም ዞር ብሎ አላየኝም። ሬሳው ሲደርስ ጉድጓዱ ደርሶ ነበር። ሶላት ሲሰገድ ኮፍያውን አውልቆ ራቅ ብሎ ቆመ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ኮምቦልቻ ትልቅ ሠርግ ነበረብን። የአንድ ባለ ከባድ መኪና ልጅ የምትዳርበት፣ ከሐርቡ እስከ ባቲ የተጠራበት፣ ላምብሮ ክረምቱን በሙሉ ሲያወራለት የከረመ ሠርግ ነው። መኪና ልከውልን በሩ ላይ ቆማለች። ላምብሮ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብሎ ለሾፌሩ እጁን አሳየውና ለቅሶ ቤት ገባ። ሰዎቹ ሌላ ባንድ ፈልገው ሠርጉን ጨረሱ፣ እሱን ግን ከዚያ ወዲያ ኮምቦልቻ የጠራው የለም። ሙዚቀኛ አንድ ጊዜ ከቀረ ቀረ ነው።

ሦስቱንም ቀን ለቅሶ ቤት በር አጠገብ ተቀመጠ። ሰይድ ቀና ብሎ አላየውም። በሦስተኛው ቀን ሽማግሎቹ ሲሰበሰቡ አባቴ፣ የተበደለው ሰይድ ስለሆነ ፍርዱ የሱ ነው አሉ። ላምብሮ ተነሳ። እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል። "በኛ አገር ክላርኔት ለሞተ ሰው ያለቅሳል" አለ። "ለእናትህ አለቀስኩላት። ሰው መጥራት መሆኑን ረሳሁ። አታስገቡኝ።"

ሰይድ ጋቢውን ከትከሻው ወደ ኋላ ጣለ። እኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ ተነስቶ የሚመታው መስሎኝ ነበር።

"እናቴ ሰው ሳይወጣላት ተቀበረች፣ ይሄ አይረሳኝም" አለ። "ግን ጉድጓዷን የቆፈረው እሱ ነው። እጁን እዩት። ይግባ። ጡሩምባውን ግን ወላሂ እንዳትሰጡት።"

ለቅሶ ቤት ነው፣ መሳቅ ነውር ነው፤ አባቴ ፎጣቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ላምብሮ ግን ያለቅስ ነበር። አባቴ ዞር ብለው ጡሩምባውን ለኔ ሰጡኝ፤ አያ ተገኘም ሳይሻላቸው ቀሩ፣ እኔም በዚያው ጡሩምባ ነፊ ሆኜ ቀረሁ።

ከዚያ ላምብሮ ቅሬውን እንደ ሥራ ያዘው። ዝናብ ቢሆን፣ ቁር ቢሆን፣ ዶማ ይዞ የሚቀድመው አልነበረም። አብዮቱ ሲመጣ የቀሩት የአገሩ ሰዎች ንብረታቸው እየተወረሰ እየሸጡ እየጣሉ ሄዱ። እሱንም ከአዲስ አበባ መጥተው እንውሰድህ አሉት። የመለሰላቸውን እስከ ዛሬ ደሴ ሲያስቅ ይኖራል፤ "ቅሬ አለብኝ፣ እንዴት ብዬ ነው የምሄደው?" አለ። መጠጥ ቤቶቹ ተዘጉ፣ ሆቴሎቹ የመንግሥት ሆኑ፣ የሚጨፍር ሰውም ጠፋ። እሱ ለትምህርት ቤት ልጆች ክላርኔት እያስተማረ ከሲታ ሽማግሌ ሆነ።

የሞተው በነሐሴ፣ ሰማዩ በተቀደደበት ሰሞን ነው። ጡሩምባውን ይዤ ስወጣ ጎርፉ ቁርጭምጭሚቴን ይዞታል። ለሱ ትንሽ ዜማ ልጨምርበት ከጅሎኝ ነበር፤ ከሱ ጋር ያን ሁሉ ዘመን ሠርቼ ደረቅ ጩኸት ልንፋለት? አላደረግሁትም። እንደ አያ ተገኘ አድርጌ ነፋሁት፣ ደረቅ፣ ረጅም። በሮቹ ተራ በተራ ተከፈቱ። "ማን ነው?" ሲሉ ላምብሮ ነው እላለሁ፣ ጋቢያቸውን ደርበው ይወጣሉ። ስም ጠርቼ ሳልጨርስ ከሆጤ አልፎ ከፒያሳ ሰው ይመጣ ጀመር።

ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስደርስ ሰይድ ቀድሞኝ ነበር፤ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ወገቡ ድረስ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጎረምሶቹ ሊተኩት ዙሪያውን ቆመዋል። "ይሄኛውን ለኔ ተዉልኝ" አላቸው። ሁሉም ዶማቸውን ተደግፈው ቆሙ፣ እሱም ብቻውን ጨረሰው።

አሁን ሞት የሚነገረው በስልክ ነው፤ ጡሩምባው ቤቴ አቧራ ይጠጣል። ይህን ለስብሰባው ካጫወትኩ በኋላ የፋብሪካው ልጅ ተመዘገበ፤ ጸሐፊያችን አኩርፎም ቢሆን ጻፈው። የላምብሮን ጨዋታ የቀዳ የለም፣ ያስጨፈራቸው ሾፌሮችም አልቀዋል። እኔ ግን ስለ ዘፈኑ አይደለም የምቆጨው። ሙዚቀኛ ከመጫወቱ በፊት መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ሰው መሙላቱን ያያል፤ ላምብሮም እንደዚያው ነበር፣ ወንበሩ ባዶ ሲሆን ፊቱ ይጠቁራል። የዚያን ቀን ዝናብ እየደበደበው፣ ከበሩ አልፎ እስከ አስፋልቱ፣ ለሱ ብሎ የቆመውን ሕዝብ እኔ አየሁት። እሱ አላየውም።