ፋይሉን ተከትለን ወደ ጉምቦ

ንጋት 12፡00፣ አማራት

ጎህ ሲቀድ ተነስተናል። የአዲስ አበባ ጎረቤቴ የነበረችው፣ አሁን ድንበር ተሻግራ እዚህ ከተማ ምግብ ቤት የከፈተችው ፀዳለ ከቤቷ ደጃፍ ቆማ ጓጉንቸሩን ትገላምጣለች። የቆለፈው አከራይዋ ነው። ውሏ ሳያልቅ ልቀቂ ቢላት ከሰሰችው። ዳኛው ሊወስን አንድ ቀጠሮ ሲቀረው፣ የፍርድ ቤቶች ወሰን እንደገና ይከለል ወይ ተብሎ ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። "አዎ" አሸነፈና ፋይሏ ወንዝ ተሻግሮ ጉምቦ ገባ፤ ሰውዬው በማግስቱ ቆለፈ። አጥሩ ላይ የቀረው ፖስተር "ፍትሕን ወደ ደጃችሁ" ይላል። የድሮው ፍርድ ቤት ከዚህ በእግር አስር ደቂቃ ነበር። ወይ ደጅ!

1፡20፣ ድልድዩ አፍ

የውሃ ቦቴ፣ የጭነት መኪና፣ ሞተር ሳይክል፣ አቧራ። በመኪናችን መስኮት ቻፓቲ በእንቁላል ገዛን፤ ዘይቱ እጄ ላይ ቀረ። ሾፌራችን ቱት የዚሁ አገር ልጅ ቢሆንም ጋምቤላ ያደገ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል።

"እትዬ፣ ያንን የፍርድ ቤት ወሰን ሐሳብ ማን ነው ያሳለፈው?" አላት።

"እኔ ነኛ! አብልቼ!" አለች ፀዳለ።

ለካ አከራዩ የ"አዎ" ቅስቀሳውን ስብሰባ ያደረገው እሷው ቤት ነው። በግ አርዳ በነፃ አብልታቸዋለች።

"የምን ስብሰባ እንደሆነ አልጠየቅሽም?" አልኳት።

"ቤቴ የገባን እንግዳ ለምን መጣህ ልበለው? ነውር አይደለም? ሲያጨበጭቡ እኔም አጨበጨብኩ።"

"ማሌሽ፣ አይዞሽ እትዬ" አለ ቱት፣ ሳቁን እየዋጠ። እኔ ግን በገንኩ። ይሄ ይሉኝታችን የገዛ መታነቂያ ገመዳችንን ገምዶ፣ ቅቤ ቀብቶ ያቀርብልናል።

3፡00፣ ጉምቦ

አዲሱ ፍርድ ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ቀለሙ አልደረቀም። ታፔላው ከበሩ ይሰፋል። ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ጸሐፊ አለ። ዳኛ የለም።

"ገና አልተመደበም" አለ ጸሐፊው፣ ፋይሏን እያገላበጠ። ስሟን ሲያይ ፊቱ በራ። "ማዳም ፀዳለ! ያንን በግ ያበሉን እርስዎ ነዎት! በቅርቡ ይሄን ቤት እናስመርቃለን፤ ምግቡን እርስዎ ቢያዘጋጁልን?"

እሺ ትላለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ወጥ ቤቴ ተቆልፏል" አለች ፀዳለ። "ምረቃው የማን ነው? ማን ይመጣል? ለምን ይመጣል?"

ጸሐፊው ፋይሏን ከደነ። እሷ አንዱን ወንበር ጎትታ በሩ መሃል ተቀመጠችበት።

"ዳኛ ጥራ" አለችው። "እስኪመጣ ድረስ በዚህ በር ማንም አያልፍም።"