የጾም አይብ

ባለፈው ጾም ሱሉልታ መንገድ ዳር ካለች አንዲት ምግብ ቤት ገብቼ በያይነቱ አዘዝኩ። ከሽሮውና ከጎመኑ መሐል በሽንኩርትና በቃሪያ የተጠበሱ ነጫጭ ቁራጮች ተቀምጠዋል። እያወቅኩ አስተናጋጇን፣ «ይሄ ምንድነው?» አልኳት።

«የጾም አይብ ነው፤ ከአኩሪ አተር የሚሠራ። ድሮም የነበረ ነገር ነው» አለችኝ።

ድሮም! ሳቄን ከእንጀራው ጋር ዋጥኩት። ወደ ሌሎች ከተሞች በየት በኩል እንደገባ አላውቅም። ወደ እኛ ሰፈር፣ ሰበታ፣ ማን ይዞት እንደመጣ ግን አውቃለሁ።

ያን ጊዜ ሳስበው ሁሉም ነገር በእንፋሎት ውስጥ ሆኖ ነው የሚታየኝ። ከወጨጫ ተራራ የሚወርደው የጠዋት ጉም አጥሩን ተሻግሮ ግቢያችን ውስጥ ይተኛል፤ ከጓሮው ክፍል የሚወጣው እንፋሎት ደግሞ ይቀላቀለዋል፤ የትኛው ጉም፣ የትኛው የድስት እንደሆነ አይለይም። ጓሮውን የተከራዩት ቻይናዊ ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው እኔ የዕቃ ግምጃ ቤት በምሠራበት ፋብሪካ ማሽን ይጠግናል። ሚስቱ ቤት ትውላለች። ሰፈሩ «ቻይናዋ» ይላታል፤ እሷ እናቴን «እማማ» ትላታለች። ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አልነበራቸውም።

በዚያ ዓመት እናቴ ደሟ አንሶ ታመመች። ሁዳዴ ሊገባ ቀናት ሲቀሩት ሐኪሙ እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ ካልበላች ሰውነቷ እንደማይነሳ ነገራት። የነፍስ አባቷም ፈቀዱላት። እሷ ግን የወሎ ሴት ናት።

«እሳቸው ቢፈቅዱልኝ እኔ ለራሴ አልፈቀድኩም» አለች።

እኔ ግልፍተኛ ነኝ፤ ጮህኩባት። «ሞተሽ የምትጾሚው ለማን ነው?» አልኳት። ጸሎቷን አላቋረጠችልኝም። በሁለተኛው ሳምንት ከአልጋዋ እስከ በሩ ለመድረስ ግድግዳ ትይዝ ጀመር። ትንሳኤን አታየውም ብዬ ፈራሁ። ፍርሃቴን ሥራ ቦታ ለቻይናው ነገርኩት፤ እሱም ለሚስቱ ነገራት መሰለኝ።

ረቡዕ ዕለት ሴትዮዋ በሁለት እጆቿ ሳህን ይዛ ገባች። ሳህኑ ላይ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ሲነኩት የሚንቀጠቀጥ ነገር አለ። እናቴ አንዴ አየችውና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«አይብ! በሁዳዴ! አንቺ ነሽ የላክሻት?»

እኔም አይብ መስሎኝ ነበር። ይባስ ብሎ፣ ሳታውቅ በበላችልኝ ብዬ ተመኘሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሴትዮዋ ከተባለው ሁሉ የገባት የዞረው ፊት ብቻ ነው። ሳህኗን እንደያዘች ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ግን ተመልሳ መጣች። ጋቢውን እናቴ ላይ ጣል አድርጋ፣ እጇን ይዛ፣ በጉሙ መሐል እየደገፈች ወደ ጓሮ ወሰደቻት። እኔ ከኋላቸው ተከተልኩ። በርጩማ ላይ አስቀመጠቻትና ሥራዋን ጀመረች። ውሃ ውስጥ ያደረውን አኩሪ አተር አሳየቻት፤ ፈጨችው፤ አፈላችው፤ በጨርቅ አጠለለችው። ቀጥሎ በነጩ ፈሳሽ ላይ በማንኪያ አቼቶ ጠብ አደረገችበት። ወተቱ ቀስ ብሎ መርጋት ጀመረ። እናቴ ቅዳሴ የምታስቀድስ ይመስል ዝም ብላ ታያለች።

«ውይ! ያለ ላም!» አለች በመጨረሻ።

አሁን በላችልኝ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ የባሰውን ጥያቄ አመጣች። «ጠይቂልኝ፤ በዚህ ድስት አሳማ ተሠርቶበታል?»

ከፋብሪካ በለቀምኳት ጥቂት የቻይንኛ ቃልና በእጄ ጭምር ጠየቅኳት። ሴትዮዋ በየዋህነት አዎ አለች። እናቴ ተነሳች። እኔ ተስፋ ቆረጥኩ። በሩ ላይ ደርሳ ግን ቆመች።

«የእኔን ድስት አምጪላት» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ሴትዮዋ በየጠዋቱ እኛ ማድ ቤት ውስጥ ነበረች። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡራዩ ገበያ እየሄድኩ ከወለጋ የሚመጣውን አኩሪ አተር እገዛለሁ። ነጋዴው «ኩን ማሊፍ? ይሄ ለምንድነው? ለከብት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ለእናቴ ነው» ብለው እስኪያስለው ሳቀ። እናቴ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በአዋዜ ትበላለች። አዋዜውን ሴትዮዋ አንዴ ቀምሳ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እሷም በተራዋ ዝንጅብል ጨመረችበት፤ እናቴ ተስማማች። የሰፈር ሴቶች መጀመሪያ ለወሬ መጡ፤ ኋላ ሙያውን ይዘው ሄዱ። እነዚያን ጠዋቶች ዛሬም እመኛቸዋለሁ፤ ሁለት ሴቶች በማይግባቡበት ቋንቋ ሲያወሩ፣ እኔ ደጁ ላይ እያንቀላፋሁ ስሰማቸው። ደብረ ዘይት ሲደርስ እናቴ ግድግዳውን ለቀቀች። ለሆሳዕና በእግሯ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

የፋሲካ ዕለት ባልና ሚስቱን ጠራቻቸው። ከዶሮው ወጥ ደህና አድርጋ ጠቀለለችና የመጀመሪያውን ጉርሻ ለሴትዮዋ ዘረጋችላት። «አንዱ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን አስከተለች። ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፍና ቀስ ብላ አኘከች። ባልየው ሳቀ።

«እሷም ሥጋ ዛሬ ነው የበላችው። ከድስቱ ቀን ወዲህ ቤታችን ሥጋ የለም። እኔ ፋብሪካ ነው የምበላው» አለን።

የእናቴ እጅ አየር ላይ ቀረ። «ለምን?»

ሴትዮዋ መዳፎቿን ዘርግታ አሳየቻት። «ይሄ እጅ ሥጋ ይነካል፣ እማማ አይበላም። እማማ አይበላም፣ እማማ ይሞታል።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ልጄ፣ እኔ እኮ በየጠዋቱ እጇን ስጨብጣት ደብቄ አሸታት ነበር» አለችኝ። «አሳማ ነክታ እንደሆነ ብዬ። እሷ ለእኔ ትጾማለች፣ እኔ አሸታታለሁ። ንገሪያት።»

ልተረጉም አፌን ከፈትኩ፤ እናቴ ግን አልጠበቀችኝም። የሴትዮዋን ሁለት እጆች ይዛ መዳፎቿን ሳመቻቸው።