ትርጓሜው ይደርሳል

ደክሞኛል፤ ግን ስለ አያ የሻው ከጠየቃችሁኝ እነግራችኋለሁ። ቀብሩ ላይ «ቀለም የጠገበ ሰው ነበር» ብለው በአንድ ቃል ገላገሉት። ቀለምስ ጠግቦ ነበር። ያ ጥጋብ ነው ጉድ የሠራን። መሐል ላይ ብታቋርጡኝም ግድ የለም፤ እኔ እንደሱ ከመጀመሪያው አልነሳም።

አገሩ ጃናሞራ ነው፣ መካነ ብርሃን። የድጓ መምህር ነበር፤ የዓመቱን የቤተ ክርስቲያን ዜማ አንድ ሳያስቀር በቃሉ የያዘ። እናትና አባቱ በአንድ ክረምት ሲሞቱበት ታናሽ ወንድሙን ዳኛውን አዝሎ ነው ያሳደገው። ከዳኛው በቀር ዘመድ የሚለው አልነበረውም። በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ጣሊያን ያንኑ ዳኛውን «ለሽፍታ ስንቅ አቀብለሃል» ብሎ አስሮ ጎንደር አስገባው። አያ የሻው ተማሪዎቹን በትኖ ተከትሎት ወረደ፤ ከጎንደር አጠገብ ፀዳ፣ አክስቴ ዘመናይ ቤት አረፈ። እኔም ባሌን ፈትቼ እዚያው ነበርሁ።

የኔ ሥራ ጣሊያኑ ካፒቴን ግቢ ልብስ ማጠብ ነው። አትዩኝ እንዲያ! መብላት አለብኝ። ካፒቴኑ እስረኛ የማሰርም የመፍታትም ሥልጣን ነበረው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት ግቢው ውስጥ ወንበር አስወጥቶ አቤቱታ ይሰማል። አስተርጓሚው በላቸው የሚባል ነው። ዳኛውን ጠቁሞ ያስያዘው ራሱ በላቸው ስለሆነ፣ በሱ አፍ መማለድ ማለት ዶሮን ለቀበሮ አደራ መስጠት ነው።

አያ የሻው ይህን ሲሰማ ሁለት ቀን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ዋለ። በሦስተኛው «ሸዋረግ፣ የነሱን ቋንቋ ታውቂያለሽ አሉ» አለኝ።

«የልብስና የሳሙናውን ያህል አውቃለሁ፣ አያ የሻው።»

«ይበቃል። አቤቱታዬን በነሱ አፍ ስጪኝ። በቃሌ ይዤ ራሴ እቆማለሁ።»

ሰጠሁት። የኔ ጣሊያንኛ ስብርብር ያለ ነው፣ ግን ይገባል። ማንም አላስተማረኝም። የካፒቴኑ ሚስት ጨው አምጪ ስትለኝ መጥረጊያ አመጣሁላት፤ እስኪያማት ሳቀች፤ ሁለተኛ ጨውን ከመጥረጊያ አልተሳሳትሁም። እንዲያ ነው የተማርሁት፣ እየጠየቅሁና እየተሳቀብኝ። አያ የሻው ግን አሥራ አራት ዓመት የተማረበት መንገድ ሌላ ነው። መምህሩ ይላል፣ ተማሪው ይቀበላል። መጀመሪያ ንባብ፣ ኋላ ዜማ፤ ትርጓሜ የሚባለው ዕድሜ ከተረፈ ነው። መሐል ላይ የሳተ ተማሪ ደግሞ ከራሱ ይጀምራል እንጂ ከሳተበት አይቀጥልም።

ስለዚህ ቃሉን እያስቆጠረኝ በብራና ቁራጭ ላይ በኛው ፊደል ጻፈው። ወይ ጉድ! ከጣሊያኑ ቃል ላይ የድጓውን የዜማ ምልክት ደረደረበት፣ እንዲያዝለት ብሎ። «ጌታዬ ካፒቴን፣ ወንድሜ ስንቅ አላቀበለም፤ በሬ ጠፍቶበት ሲፈልግ ነው የተያዘ፤ እኔ ዋስ እሆናለሁ» ነው ነገሩ። እሱ በግማሽ ዜማ ሲለው የሆሳዕና መዝሙር ይመስላል።

«አያ የሻው፣ የቱ ቃል በሬ፣ የቱ ወንድም እንደሆነ ላሳይህ» አልሁት።

«ንባቡ ይጥና፤ ትርጓሜው ይደርሳል።»

«ቢጠይቅህስ?»

«ምን ይጠይቀኛል? ሁሉን ነግሬው!»

«እሱም አፍ አለው እኮ።»

«አንቺ ልጅ፣ መቶ ተማሪ አስተምሬያለሁ» ብሎ ተቆጣ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሱ ሞኝ አልነበረም፣ ወረቀት ነበር። አክስቴ ዘመናይ «አብረሽው ቁሚና አስተርጉሚለት» ስትለኝ ግን ዝም ያልሁት እኔ ነኝ። «የሽፍታ ወገን ነሽ» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። እሱም አልለመነኝ። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ከጓሮው እየተንጎራደደ ያንን አቤቱታ አጠና። አንዲት ፊደል አትወድቀውም ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። እኔ ያጠብሁትን እያሰጣሁ ነው። ነጠላውን አሳምሮ አጣፍቶ ገባ። ከፊቱ ሁለት ሰዎች ቀርበው ነበር፤ ካፒቴኑ ሰምቷቸው የእስረኞቻቸውን ስም በወረቀቱ ጻፈ። ስሙ የተጻፈ ይፈታል፤ ይህን ግቢው ሁሉ ያውቃል።

አያ የሻው ቆመና ጀመረ። በላቸው አፉን ከፍቶ ቀረ። ካፒቴኑ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ፤ ደስ አለው፣ በዓይኔ አየሁት። ሲጨርስ ብዕሩን አነሣና በለሰለሰ ድምፅ «ኮሜ ሲ ኪያማ?» አለው። ስሙ ማን ይባላል ማለቱ ነው። ሌላ ምንም አይደለም። «ዳኛው» ቢለው አለቀ።

አያ የሻው ነጠላውን አስተካከለ። ከዚያ፣ እንደ ተቋረጠ ተማሪ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ «ጌታዬ ካፒቴን…» ብሎ ከራሱ ጀመረ።

ካፒቴኑ ጨርሶ እስኪወጣው ታገሠውና ደግሞ ጠየቀው፣ ቃል በቃል እየለየ። አያ የሻው ደግሞ ከራሱ! አሁን ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ዜማውን ስቦ። ያን ጊዜ ካፒቴኑ ሳቀ። ብዕሩን አስቀምጦ ከቢሮ ያሉትን ጠራቸውና በእጁ «ድገም» አለው። ደገመ። አጨበጨቡለት። አንዱ ብስኩት ሰጠው። በላቸው ጥጉን ይዞ ፈገግ ይላል፤ ትንፍሽ አላለም። እኔስ? እርጥብ አንሶላ ታቅፌ፣ ውኃው በቀሚሴ ላይ እየፈሰሰ ቆሜ ነበር።

ሲወጣ በር ላይ ደረስሁበት። ፊቱ በርቷል። «ሦስት ጊዜ አስደገመኝ!» አለኝ። በማኅሌት ሸጋ ዜማ ሲገኝ ይደገማል፤ እሱ የሚያውቀው ያንን ነው። ብስኩቱን ለዳኛው ብሎ በነጠላው ጫፍ ቋጥሮታል። እግዜር ያሳያችሁ፣ ይህን ሰው ምን ብዬ ልንገረው?

ነገርሁት። ብዕሩን እንዳነሣ፣ ምን ብሎ እንደጠየቀው፣ ሁሉን። ዞሮ ወደ በሩ ሮጠ፤ «ዳኛው! ዳኛው ነው ስሙ!» እያለ ይጮሃል። ዘበኛው በጠመንጃው ሰደፍ ደረቱን ገፍቶ «የዛሬው አልቋል፤ ለቅዳሜ ና» አለው። ሁለቱ እስረኞች እሑድ ተፈቱ። ሰኞ ጧት የቀሩትን በካሚዮን ጭነው ወደ ባሕር ማዶ ወሰዷቸው አሉ። ዳኛው ከዚያ ወዲህ አልተሰማም።

መካነ ብርሃን አልተመለሰም። እዚሁ ፀዳ ቀረ፤ በዓመቱ እኔን አገባኝ። ድጓውን ግን ተወው። የጎረቤት ልጆች ሰብስቦ ከወይራ ሥር ፊደልና ዳዊት ያስተምር ጀመር፤ አስተማሪነቱም ሌላ ሆነ። ልጅ ዳዊቱን እያንበለበለ ሲሄድ መሐል ላይ ያስቆመውና «ምን ማለት ነው ያልኸው?» ይለዋል። ካላወቀ አያልፍም። ካወቀ «ለጓደኛህ በራስህ አፍ ንገረው» ይላል። ከዚያ ደግሞ «ካቆምህበት ቀጥል፤ ከራሱ አትጀምር!» ይላል፤ ልጁ ከራሱ ከጀመረ እንደ እብድ ይጮህበታል። የተማሩትን ሦስት ቀን ያስተዋቸውና፣ ረሱት ሲባል ድንገት ይጠይቃል። ሌላው መምህር በዓመት ዳዊት የሚያስደግመውን እሱ በዓመቱ ሃያ መዝሙር አያደርስም። ወላጆች «ይህ ሰውዬ ልጆቻችንን ያጃጅላል» እያሉ አስወጧቸው። አምስት ቀሩት። አምስቱ ግን የያዙትን አይለቁም፤ ብትጠይቋቸውም መልስ አላቸው።

ማታ ከሥራ ስመለስ «የዛሬዋን ቃል» ይለኛል። በቀን አንዲት የጣሊያን ቃል። «ምነው አያ የሻው፣ አሁን ምን ሊረባህ?» እለዋለሁ። «ግድ የለሽም» ይላል። ልብሱን አብረን እየጨመቅን፣ በሬ፣ ወንድም፣ ዋስ፣ እያለ ያንን አቤቱታ ከላይ እስከ ታች ቃል በቃል ፈታው። ሁለት ዓመት ፈጀበት። እኔ እንደሆነ ሰለቸኝ፣ እውነቴን ነው፤ ቀን የነሱን ልብስ፣ ማታ የነሱን ቃል ሳሽ መዋል። አንድም ቀን ግን «ለምን ዝም አልሽ?» ብሎ አልጠየቀኝም። ቢቆጣኝ በወደድሁ።

ዘንድሮ ሐምሌ ደረቱን ያመው ጀመር፤ ያ የሰደፍ ምት ነው እላለሁ እኔ። ከአልጋ ከዋለ በሳምንቱ ጠራኝ።

«ጠይቂኝ» አለ።

«ምን ልጠይቅህ?»

«ካፒቴኑ የጠየቀውን።»

ከአልጋው ጫፍ ተቀመጥሁ። እንደ ምንም «ኮሜ ሲ ኪያማ?» አልሁት።

«ዳኛው» አለ በጣሊያንኛው፣ ዜማ ሳይጨምርበት፣ እንደ ሰው። «ዳኛው ይባላል። ታናሽ ወንድሜ ነው።» ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ «ይኸው፤ አወቅሁት» አለኝ።

እሱስ አወቀው። እኔ ግን ያን ቅዳሜም አውቀው ነበር፣ ጥያቄውንም መልሱንም። ከልብስ ማስጫው ገመድ እስከ ካፒቴኑ ወንበር አሥር እርምጃ አይሞላም።